ከአተር ፍሬ እስከ መድኃኒት ቤት፦ ዘረመል በህዋስ ውስጥ እንዴት ይሠራል?

«ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል የአማርኛ ተረትና ምሳሌ። ሰው የቱንም ያህል ቢገራ፣ ከወላጆቹ የወረሰው ነገር ከውስጥ ሆኖ እንደሚጎትተው ለማመልከት የተነገረ ነው። ሕፃን ሲወለድ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «አፍንጫው የአባቱ ነው፤ ግንባሩ የአያቱ ነው» የሚለውም ከዚሁ እምነት በመነሣት ነው። የጥንት ሰዎች መውረስ መኖሩን አይተው ዐውቀዋል። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ሲመርጥ፣ ከብት አርቢም ኮርማውን ሲለይ በዚሁ ዕውቀት ይመራል። ለብዙ ሺህ ዓመታት ሳይመለስ የቆየው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር፦ የሚወረሰው ነገር ምንድን ነው? ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚሻገረውስ የት ተቀምጦ ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የሳይንስ ዘርፍ ሥነ ዘረመል ይባላል። መልሱም የሚገኘው በዓይን በማትታየው የሕይወት መሠረት፣ በህዋስ ውስጥ ነው። ጉዳዩ የመማሪያ ክፍል ወሬ ብቻ አይደለም። ለአንዱ ሰው ሕመም ማስታገሻ የሆነ መድኃኒት ሌላውን ለምን ለአደጋ እንደሚያጋልጥ የሚያስረዳው ይኸው ዕውቀት ነው። በዚህ ረገድ ኢትዮጵያውያን፣ በአገር ቤትም ሆነ በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በዱባይ የሚኖሩት፣ በተለይ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ወደዚያ ለመድረስ ግን ከመነሻው መጀመር ያስፈልጋል።

የአተሩ ምስክርነት

ግሪጎር ሜንዴል በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው የብርኖ ከተማ የሚኖሩ መነኩሴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ1856 ጀምሮ በገዳማቸው የአትክልት ቦታ አተር እየዘሩ፣ የአንዱን አበባ ዱቄት በሌላው ላይ በእጃቸው እያኖሩ፣ የተገኘውን ፍሬ አንድ በአንድ ይቆጥሩ ጀመር። ፍሬው ድቡልቡል የሆነውን አተር ፍሬው ከተጨማደደው ጋር ሲያዳቅሉ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ሁሉም ድቡልቡል ሆነ። መጨማደድ የጠፋ መሰለ። እነዚያኑ ድቡልቡሎች እርስ በርሳቸው ባዳቀሏቸው ጊዜ ግን የተጨማደደው ፍሬ ተመልሶ መጣ። ከተቆጠሩት 7,324 ፍሬዎች መካከል 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 ደግሞ የተጨማደዱ ሆነው ተገኙ። ይህም ሦስት ለአንድ ማለት ነው።

ሜንዴል ከዚህ ቁጥር ትልቅ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። የሚወረሰው ነገር እንደ ወተትና ቡና ተቀላቅሎ የሚጠፋ ፈሳሽ አይደለም። ሳይከፋፈል እንደ ራሱ ሆኖ የሚተላለፍ ነው። እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ባሕርይ ሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱን ከአባት፣ አንዱን ከእናት ይወርሳል። አንደኛው ቅጂ ጎልቶ ሲታይ ሌላው ሊሰወር ይችላል፤ ተሰወረ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። በሚቀጥለው ትውልድ ሁለት ስውር ቅጂዎች በአንድ ፍሬ ውስጥ ሲገናኙ ባሕርዩ እንደገና ይገለጣል። የልጅ ልጅ በአባቱም በእናቱም ላይ የማይታይ የአያት መልክ ይዞ የሚወለድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የሜንዴል ጥናት እ.ኤ.አ. በ1866 ታትሞ ቢወጣም የሚያስተውለው አልተገኘም። መነኩሴው በ1884 ሲያርፉ ዓለም አያውቃቸውም ነበር። ሥራቸው ዋጋ ያገኘው በ1900 ሌሎች ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው ወደ ጽሑፋቸው በተመለሱ ጊዜ ነው። ያ ሜንዴል ሳያዩት የቆጠሩት የውርስ ቅንጣት በኋላ «ጂን» የሚል ስም ተሰጠው፤ በአማርኛም ዘረመል ይባላል።

በህዋስ ውስጥ ያለው ብራና

የሰው አካል 30 ትሪሊዮን ገደማ በሚሆኑ ህዋሳት የተገነባ እንደሆነ ይገመታል። አብዛኞቹ የህዋስ ዓይነቶች በውስጣቸው አስኳል አላቸው። በአስኳሉ ውስጥ ክሮሞዞም የሚባሉ 46 የክር ጥቅሎች ይገኛሉ፤ 23ቱ ከእናት፣ 23ቱ ከአባት የመጡ ናቸው። እነዚህ ክሮች ተዘርግተው ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ በአንድ ህዋስ ውስጥ ያለው ብቻ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ክሩ የተሠራበት ነገር ዲኤንኤ ይባላል።

ዲኤንኤን ለመጀመሪያ ጊዜ ከህዋስ ለይተው ያወጡት ፍሪድሪሽ ሚሸር የተባሉ የስዊዘርላንድ ሐኪም ሲሆኑ፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1869 ነበር። ውርስን የሚሸከመው ይኸው ንጥረ ነገር ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው ግን በ1944 ነው። በ1953 ደግሞ ጄምስ ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ፣ ሮዛሊንድ ፍራንክሊንና ሞሪስ ዊልኪንስ በኤክስሬይ ካገኟቸው መረጃዎች ጭምር በመነሣት፣ ዲኤንኤ እንደ ተጠማዘዘ መሰላል የተሠራ መሆኑን አሳዩ።

የመሰላሉ መወጣጫዎች አራት ዓይነት ኬሚካሎችን የያዙ ናቸው። በምሕፃር ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ይባላሉ። እንደ ፊደል ሊቆጠሩ ይችላሉ። አማርኛ በርካታ ፊደላት ሲኖሩት፣ ዲኤንኤ አራት ብቻ አሉት። ኤ ሁልጊዜ ከቲ ጋር፣ ጂ ሁልጊዜ ከሲ ጋር ይጣመራል። በዚህ ቀላል ሕግ ምክንያት መሰላሉ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ እያንዳንዱ ግማሽ የጎደለውን ጥንድ በትክክል መልሶ መገንባት ይችላል። አንድ ህዋስ ተከፍሎ ሁለት ሲሆን ሁለቱም ልጆች ሙሉ ቅጂ የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነው።

በአንድ ወገን ውርስ፣ ማለትም በ23ቱ ክሮሞዞሞች ውስጥ፣ ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ይገኛሉ። ይህን ጽሑፍ የማንበቡ ዓለም አቀፍ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 መጠናቀቁ ቢታወጅም፣ የቀሩት አስቸጋሪ ክፍተቶች ተሞልተው የወጡት በ2022 ነው። በዚህ ግዙፍ ጽሑፍ ውስጥ ፕሮቲን ለመሥራት የሚያገለግሉ ዘረመሎች ቁጥር 20,000 ገደማ ነው። እነርሱም ከመላው ጽሑፍ ሁለት በመቶ እንኳ የማይሞላ ቦታ ይይዛሉ።

ከጽሑፍ ወደ ሥራ

ዘረመል በራሱ ሥራ አይሠራም፤ መመሪያ ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው። ጡንቻን የሚያኮማትር፣ ምግብን የሚፈጭ፣ ኦክስጅንን የሚያጓጉዝ፣ ቆዳንና ጠጉርን የሚገነባ ፕሮቲን ነው። እንግዲህ ዘረመል ህዋስን ይቀርጻል ሲባል፣ የትኛው ፕሮቲን፣ በምን ቅርጽ፣ በምን መጠንና መቼ እንደሚሠራ ይወስናል ማለት ነው።

ሂደቱን በአንድ የጥንት ደብር ልማድ መመሰል ይቻላል። በዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ የብራና መጽሐፍ ተቆልፎ ይቀመጣል። መጽሐፉ ከዚያ አይወጣም። የሚፈልግ ሰው ካለ ጸሐፊ ይገባና የተፈለገውን ገጽ ብቻ ገልብጦ ይወጣል። በህዋስ ውስጥም ዲኤንኤ ከአስኳሉ አይወጣም። የተፈለገው ዘረመል ብቻ ይገለበጥና ቅጂው ወደ ውጭ ይላካል። ይህ ቅጂ ኤምአርኤንኤ ይባላል። ስሙ ከኮሮና ክትባት ጋር ተያይዞ በብዙዎች ጆሮ የገባው ይኸው መልእክተኛ ነው።

ቅጂው ከአስኳሉ ወጥቶ ራይቦዞም ወደሚባለው የህዋስ ማምረቻ ይደርሳል። ራይቦዞም ፊደላቱን ሦስት ሦስት አድርጎ ያነባል። እያንዳንዱ ሦስት ፊደል እንደ አንድ ቃል ሲሆን፣ አሚኖ አሲድ ከሚባሉት 20 የግንባታ ዕቃዎች አንዱን ይጠራል። አንዳንዶቹ ቃላት ደግሞ «እዚህ ላይ አብቃ» የሚል ትርጉም አላቸው። የተጠሩት አሚኖ አሲዶች በተርታ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ይሰካሉ፤ ሰንሰለቱም ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ፕሮቲን ይሆናል። የፕሮቲኑ ሥራ የሚወሰነው በዚህ ቅርጹ ነው።

የሜንዴል የተጨማደደ አተር ምሥጢር የተፈታውም በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ይፋ የሆነ ጥናት እንዳሳየው፣ በተጨማደደው አተር ውስጥ ስታርች ለመሥራት የሚያግዘው የአንድ ኢንዛይም ዘረመል ባዕድ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቶበት ተበላሽቷል። ኢንዛይሙ ሲጎድል በፍሬው ህዋሳት ውስጥ ስታርች ያንሳል፣ ስኳር ይበዛል። ስኳሩ ውኃ ይስባል፤ ፍሬው በውኃ ይነፋል። በመጨረሻም ፍሬው ሲደርቅ ልጣጩ ይሸበሸባል። አንድ ሙሉ ቅጂ ያለው አተር ግን የሚበቃውን ያህል ኢንዛይም ስለሚሠራ ድቡልቡል ይሆናል። ሜንዴል ከውጭ ያዩት ሽብሽብ መነሻው በህዋስ ውስጥ የተበላሸ አንድ ገጽ ነበር ማለት ነው።

አንድ ፊደል ሲለወጥ

በአማርኛ «አባት ርስቱን ለልጁ ሰጠ» እና «አባት ርስቱን ለልጁ ሸጠ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ብቻ ነው፤ ትርጉሙ ግን እጅግ ይራራቃል። በዲኤንኤም እንዲሁ ነው። ህዋስ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ እጅግ ጥንቁቅ ቢሆንም፣ እንደ ማንኛውም ጸሐፊ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ስሕተቱ ካልታረመ ሚውቴሽን ይሆናል። አብዛኞቹ ለውጦች ጉዳትም ጥቅምም የላቸውም። ጥቂቶች ግን ሕይወትን ይለውጣሉ።

ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው ምሳሌ ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ነው። ደምን ቀይ የሚያደርገውና ከሳንባ ወደ አካል ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው። ከሄሞግሎቢን ሁለት ዓይነት ሰንሰለቶች የአንደኛው ዘረመል የሚገኘው በ11ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። በዚህ ዘረመል ውስጥ «ጂኤጂ» የሚለው ቃል «ጂቲጂ» ሲሆን፣ በሰንሰለቱ ስድስተኛ ቦታ ላይ ሊሰካ የሚገባው አሚኖ አሲድ በሌላ ይተካል። የተለወጠው ሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን ሲያራግፍ እርስ በርሱ ተጣብቆ ረጃጅም ዘንግ ይሠራል። ዘንጉም ክቡን ቀይ የደም ህዋስ ገፍቶ እንደ ማጭድ ያጎብጠዋል። የጎበጡት ህዋሳት ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይዘጋሉ፤ ከፍተኛ ሕመም፣ የደም ማነስና የአካል ጉዳት ያስከትላሉ። 120 ቀን ገደማ ሊቆይ የሚገባው ቀይ የደም ህዋስም ጊዜው ሳይደርስ ይፈርሳል።

በሽታው የሚይዘው የተለወጠውን ቅጂ ከአባትም ከእናትም የወረሰውን ሰው ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰው በአብዛኛው ጤነኛ ነው። ከዚህም በላይ ከከባድ ወባ የተሻለ መከላከያ አለው። ለውጡ ወባ በሚበዛባቸው የአፍሪካ፣ የመካከለኛው ምሥራቅና የሕንድ አካባቢዎች ተስፋፍቶ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለት ጤነኛ ተሸካሚዎች ሲጋቡ ግን ከእያንዳንዱ እርግዝና ሕፃኑ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ነው፤ ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከአራት ሁለት፣ ከለውጡ ነፃ የመሆን ዕድሉም ከአራት አንድ ነው። ሜንዴል በአተር ላይ የቆጠሩት ስሌት በሰው ቤትም ይሠራል። ዕድሉ በእያንዳንዱ እርግዝና እንደ አዲስ የሚቆጠር መሆኑንም ማስተዋል ይገባል። አንድ ልጅ ስለታመመ ቀጣዮቹ ሦስቱ ይድናሉ ማለት አይደለም።

ማብሪያና ማጥፊያ

ከላይ የተባለው አንድ እንቆቅልሽ ያስነሣል። የዓይን ህዋስና የጉበት ህዋስ የያዙት ጽሑፍ አንድ ነው። ታዲያ አንዱ ብርሃን የሚያይ፣ ሌላው መርዝ የሚያጣራ ለምን ሆነ? ምክንያቱ ሁሉም ዘረመል በሁሉም ህዋስ ውስጥ አለመነበቡ ነው። በዲኤንኤው ላይ እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ የሚያገለግሉ ክፍሎች አሉ። ልዩ ፕሮቲኖች እዚያ ላይ እየተቀመጡ አንዱን ዘረመል ያበራሉ፣ ሌላውን ያጠፋሉ። ህዋስን ዓይን ወይም ጉበት የሚያደርገው የያዘው መጽሐፍ ሳይሆን የከፈተው ገጽ ነው።

ወተት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕፃናት በአንጀታቸው ውስጥ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ስላላቸው የወተትን ስኳር ይፈጫሉ። በአብዛኛው የሰው ልጅ ዘንድ ይህ ዘረመል ጡት ከተተወ በኋላ ቀስ በቀስ እየጠፋ ይሄዳል። ዐዋቂዎች ወተት ሲጠጡ ሆዳቸው የሚነፋውና የሚያጉረመርመውም ለዚህ ነው። ከብት በማርባት በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን ብዙ ሰዎች እስከ እርጅና ወተት ያለ ችግር ይጠጣሉ። የሚገርመው የላክቴዝ ዘረመል ራሱ አልተለወጠም። የተለወጠው ከእርሱ 14,000 ያህል ፊደላት ርቆ የሚገኘው ማብሪያው ነው። በማብሪያው ላይ የአንድ ፊደል ለውጥ ሲደርስ መብራቱ ሳይጠፋ ይቀራል።

ይህ ለውጥ በዓለም ላይ የተከሰተው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በአውሮፓውያን ዘንድ የሚገኘው አንድ ዓይነት ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካና በዐረብ ምድር አርብቶ አደሮች ዘንድ የሚገኙት ደግሞ ሌሎች ናቸው። በኢትዮጵያም ከአንድ በላይ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን ተገኝተዋል። የላምና የግመል ወተት ለሕይወት አስፈላጊ በሆነበት ሁሉ ተፈጥሮ በተለያየ መንገድ ወደ አንድ መፍትሔ ደርሳለች።

የዘረመል ማብሪያ ዕውቀት ለሕክምናም በር ከፍቷል። በእናት ማኅፀን ያለ ፅንስ የራሱ ልዩ ሄሞግሎቢን አለው፤ ዘረመሉም ከውልደት በኋላ በአብዛኛው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በብሪታንያና በአሜሪካ የተፈቀደ አንድ ሕክምና፣ የታካሚውን የመቅኔ ህዋሳት ዲኤንኤ በጥንቃቄ በመቁረጥ ይህን የፅንስ ሄሞግሎቢን እንደገና ያበራል። የሲክል ሴል ሕሙማን የታመመውን ዘረመል ሳያስለውጡ፣ ያንቀላፋውን በመቀስቀስ እፎይታ ያገኛሉ። ዋጋው ግን እጅግ ውድ በመሆኑ ለአብዛኞቹ ሕሙማን ገና አልደረሰም።

ቅጂው ሲበዛ

ዘረመል ህዋስን የሚቀርጽበት ሦስተኛ መንገድ ቁጥር ነው። ሰው ለእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ ይወርሳል የሚለው ሕግ በአብዛኛው እውነት ቢሆንም፣ አንዳንዴ አንድ ዘረመል በአንዱ ክሮሞዞም ላይ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ተደጋግሞ ይገኛል። ገጹ በበዛ ቁጥር ፕሮቲኑም ይበዛል። ኢትዮጵያውያንን በቅርብ የሚመለከተው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው።

በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ዘረመል አለ። እርሱ የሚያሠራው ኢንዛይም በዋናነት በጉበት ህዋሳት ውስጥ ይገኛል። የሕመም ማስታገሻዎችን፣ የአንዳንድ የልብና የደም ግፊት መድኃኒቶችን፣ እንዲሁም የበርካታ የድብርት መድኃኒቶችን ቅመም የሚለውጠውና ከአካል እንዲወገድ የሚያደርገው ይህ ኢንዛይም ነው።

በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ተመራማሪ የሆኑት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት የ122 ኢትዮጵያውያንን ዘረመል መርምረው ነበር። ከእነዚህ መካከል 29 በመቶው ተደጋጋሚ የሆነ ሲዋይፒ2ዲ6 ተሸክመው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ቁጥር ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ብቻ ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ከቀረቡት መላ ምቶች አንዱ፣ ኢንዛይሙ በዕፀዋት ውስጥ የሚገኙ መርዛማ ቅመሞችን ስለሚያፈርስ፣ በረኃብ ዘመን የተለያየ ተክል ለመብላት ለተገደዱ ሰዎች ጥቅም ሳይሰጥ አልቀረም የሚል ነው።

በጥንት ዘመን ጥቅም የነበረው በዛሬ ሆስፒታል አደጋ ሊሆን ይችላል። ኮዴይን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ምሳሌ ነው። ለሕመም ማስታገሻና ለሳል በብዙ አገሮች ይታዘዛል። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ሕመምን የሚያስታግሠው ሲዋይፒ2ዲ6 ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ኢንዛይሙ የሌለው ሰው ኮዴይን ቢወስድ ሕመሙ አይታገሥለትም። ኢንዛይሙ የበዛለት ሰው ግን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሞርፊን በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ሐኪሙ ያዘዘው መጠን ትክክል ነው፤ በሽተኛውም የታዘዘለትን ብቻ ወስዷል። ይሁንና ጉበቱ የመጠኑን ትርጉም ለወጠው። ሞርፊን ሲበዛ ትንፋሽን ያዘገያል፤ ሊያቆምም ይችላል።

የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት በዚህ ምክንያት ሕይወታቸው አልፏል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ከባድ ማስጠንቀቂያ ካወጣ በኋላ፣ በ2017 ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ኮዴይንና ትራማዶል ለሕመም እንዳይሰጡ ከልክሏል፤ ለሚያጠቡ እናቶችም እንዳይታዘዝ መክሯል። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲም በ2013 ተመሳሳይ ገደብ ጥሏል፤ ኮዴይንን እጅግ ፈጥነው የሚለውጡ መሆናቸው የታወቀ ሰዎች በማንኛውም ዕድሜ እንዳይወስዱትም አስጠንቅቋል። በአሜሪካ ከኮዴይን ጋር በሚሰጥ የመድኃኒት መግለጫ ላይ ኢትዮጵያውያን በስም ተጠቅሰው፣ ከሰሜን አፍሪካውያንና ከዐረቦች ጋር ከ16 እስከ 28 በመቶ የሚሆኑት ይህ ባሕርይ እንዳላቸው የተጻፈበት ጊዜ አለ። መግለጫውን ገልጦ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

ዘረመል ዕጣ ፈንታ አይደለም

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉም ነገር በደም ተጽፏል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። የሚከተለው ጥናት ግን ይህን ይቃወማል። እነዚያው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሌላ ሥራ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። ዘረመላቸው ተመሳሳይ የሆነ ሰዎች ተለይተው ሲታዩ፣ በኢትዮጵያ ያሉት ኢንዛይም በስዊድን ካሉት ይልቅ ዝግ ብሎ ይሠራ ነበር። ጽሑፉ አንድ ሆኖ ሳለ ንባቡ ተለያየ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ያመጣው አካባቢ እንደሆነ፣ ምናልባትም በአገር ቤት ምግብ ውስጥ ኢንዛይሙን የሚገታ ነገር እንዳለ ገምተዋል።

ይህ ውጤት ለስደተኛ ቤተሰብ ትርጉም አለው። ሰው አገር ሲለውጥ ዘረመሉን ይዞ ይሄዳል፤ ማዕዱ፣ አየሩና የሚወስደው መድኃኒት ግን ይለወጣሉ። ህዋሱም ከእነዚህ ጋር አብሮ ይለወጣል። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የተባሉት የድብርት መድኃኒቶች ለምሳሌ ሲዋይፒ2ዲ6ን ስለሚያግዱ፣ ብዙ ቅጂ ያለውን ሰው እንኳ ለጊዜው ዘገምተኛ ሊያደርጉት ይችላሉ።

ሌላም መጠንቀቅ የሚገባ ነገር አለ። 29 በመቶ ማለት ከአሥር ኢትዮጵያውያን ሰባቱ ይህ ተደጋጋሚ ዘረመል የላቸውም ማለት ነው። እንዲያውም ኢንዛይሙን የሚያዳክም ለውጥ የወረሱም አሉ። በመሆኑም «ኢትዮጵያዊ ስለሆንሁ እንዲህ ነኝ» ማለት ስሕተት ነው። ሁለት የማይዛመዱ ሰዎች ዲኤንኤ ቢነጻጸር 99.9 በመቶ ገደማው አንድ ነው። የዘር መጠሪያ ስለ አንድ ሰው ጉበት ግምት ይሰጣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ማረጋገጫው የዚያ ሰው የራሱ ምርመራ ነው።

ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?

አንደኛ፣ ኮዴይን ወይም ትራማዶል ሲታዘዝ፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ ለምታጠባ እናት ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለልጅ ከሆነ፣ ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ «ይህ መድኃኒት በሲዋይፒ2ዲ6 የሚለወጥ ነው? ሌላ አማራጭ አለ?» ለአብዛኞቹ ሕመሞች አማራጭ ይገኛል። አንዳንድ የሳል ሽሮፖችም ኮዴይን እንደያዙ መታወቅ አለበት፤ አንድ አዋቂ የተረፈውን ሽሮፕ ለልጅ መስጠት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መድኃኒት ወስዶ ያልተለመደ ነገር ደርሶበት ከሆነ ይህ ለሐኪም ሊነገር ይገባል። «እናቴ ያንን መድኃኒት ወስዳ ልትነቃ አልቻለችም ነበር» የሚለው ወሬ በሐኪም ጆሮ ጠቃሚ የሕክምና መረጃ ነው፤ ውርስ በቤተሰብ ውስጥ ይተላለፋልና። ከባድ እንቅልፍ፣ የትንፋሽ መዘግየትና ግራ መጋባት ከታየ ሳይዘገዩ የድንገተኛ ሕክምና መጥራት ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የዘረመል ምርመራ በደም ወይም በምራቅ ናሙና ሊደረግ ይችላል። በርካታ ሆስፒታሎች ይሰጡታል። ይሁን እንጂ ማንም ሰው ይህን አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት በራሱ ሥልጣን ማቋረጥ የለበትም። በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደጋ የሚያስከትልባቸው መድኃኒቶች አሉ።

የተረቱ እውነትና ጉድለት

ከሜንዴል የአተር ማሳ እስከ ዛሬው መድኃኒት ቤት ያለው መንገድ አንድ ነው። በአራት ፊደላት የተጻፈ ጽሑፍ በህዋስ ውስጥ ይነበባል፤ ንባቡ ፕሮቲን ይሆናል፤ ፕሮቲኑ የህዋሱን ቅርጽና ሥራ ይወስናል። አንድ ፊደል ሲለወጥ ክቡ የደም ህዋስ ማጭድ ይሆናል። ማብሪያው ሲለወጥ ዐዋቂ ሰው ወተት ይጠጣል። ገጹ ሲደጋገም አንድ ክኒን የሁለት ያህል ኃይል ያገኛል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ቀደምት ሰዎች ስለ ጉልበቱ አልተሳሳቱም። የጎደላቸው ዘሩን የማንበብ ጥበብ ነበር። ዛሬ ጽሑፉ ተነቧል፤ ማን ምን እንደያዘ መመርመርም ይቻላል። ዘር የሚስብበትን አቅጣጫ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ደግሞ ልጓሙን በወቅቱ መያዝ ይችላል።